ከጉድጓድ የሚወጣ ተመስገን

በልጅነቴ እግዚአብሔር የሚኖረው ከመሬት በታች ይመስለኝ ነበር። የሚስቅ ይሳቅ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጣቱን ወደ ሰማይ ሲቀስር እኔ እግሬ ሥር ነበር የማየው። ማስረጃ ስለነበረኝ ደግሞ ማንም ተከራክሮ አያሸንፈኝም።

አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ሰዉ «ፍልፈል» ይለዋል፤ እሱም ሳይከፋው «አቤት» ይላል። ወገቡ ላይ የሚታሰረውን ገመድ ከላይ ሆና የምትይዘው እናቴ ናት። አፈር የሚወጣበትን ባልዲ በመዘውር የሚጎትተው ደግሞ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ትከሻው በር የሚያህል፣ ቀልድ የማያልቅበት አጎቴ። እኔ ሥራ የለኝም። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ብቻ በሄዱበት ይዘውኝ ይሄዳሉ፤ ከአፈሩ ክምር ራቅ ብለሽ ተቀመጪ እባላለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አያለሁ።

ያየሁትም ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ለእግዚአብሔር ብርሃን ያበራ የለም? እናቴም በየጠዋቱ፣ አባቴ ከመውረዱ በፊት፣ ኩራዝ ለኩሳ ባልዲ ውስጥ ታስቀምጥና ቀስ እያለች ወደ ጉድጓዱ ትሰደዋለች። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ትንፋሹን ይውጣል። ኩራዙ እንደበራ ከተመለሰ «ግባ» ትለዋለች። ጠፍቶ ከተመለሰ «ዛሬ አይወረድም» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ ነው። እኔም፣ ዛሬ እንግዳ አይቀበልም ማለት ነው ብዬ ቁጭ እላለሁ።

መብራት የሚያጠፋው የጉድጓድ አየር ሰውንም እንደሚያጠፋ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ማንም አልነገረኝም። ልጅን በማስፈራራት የሚያሳድግ ቤት አልነበረም የኛ።

ዋናው ማስረጃዬ ግን ድምፁ ነው። አባቴ ከታች ዶማውን ያሳርፍና «ተመስገን» ይላል። አካፋውን ይሰዳል፤ «ተመስገን»። ባልዲው ሲሞላ፣ ድንጋይ ሲገጥመው፣ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ፣ ሁሌ «ተመስገን»። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ሲወጣ ይወፍራል፤ አንድ ሰው ተናግሮ ሌላ ሰው የሚመልስለት ይመስላል። የሚመልሰው ማን እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነበር። ሰባኪው በየሳምንቱ ወደ ላይ እያንጋጠጠ ይጮኻል፣ ማንም አይመልስለትም። አባቴ ግን ወደ ቤቱ ድረስ ወርዶ ያናግረዋል።

አንድ ቀን አፈር ለብሶ፣ ከዓይኑና ከጥርሱ በቀር የሰው መልክ ሳይቀርለት ሲወጣ፣ «አባዬ፣ ዛሬ ምን አለህ?» አልኩት።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። ከታች ያለው።»

አባቴ አጎቴን አየ፣ አጎቴም ፊቱን አዞረ። አባቴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ቆፍር አለኝ» አለ። እኔም ለሰፈሩ ልጆች በሙሉ ነገርኳቸው፤ እግዚአብሔር ለአባቴ ቆፍር ብሎታል ብዬ።

እናቴን ግን በዚህ ነገር አልወዳትም ነበር። ፊቷ እንደ ተዘጋ በር ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያነባ እሷ ዓይኗን እንደገለጠች የጣሪያውን ወራጅ አንድ በአንድ ትቃኛለች፤ ይወድቃል ብላ የምትጠረጥር ይመስል። ዋናው ቂሜ ግን ሌላ ነው። አባቴ ከታች ሆኖ ትንሽ ዝም ካለ ገመዱን ነቅነቅ ታደርግና «አንተ ሰው፣ አመስግን» ትላለች። ውኃ እየጠጣሁ ነው ይላታል። ጠጣና አመስግን ትለዋለች። ደከመኝ ይላታል። ደክሞህም አመስግን። ሰውየው በላብ ተጠምቆ ድንጋይ ሲፈነቅል እሷ ከላይ ሆና ጸሎት የምትቆጣጠር ዘበኛ ትሆንብኛለች። አባቴ ወዶ የሚሰጠውን ምስጋና እሷ እንደ ቀረጥ የምትሰበስብ ይመስለኝ ነበር።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረቱ። ጉድጓድ ቆፋሪ ያላወቀ ሰው ነው የተረተው። በእኛ ሥራ ዝም ያለ እዚያው ይቀራል።

ነገሩን ፍርጥ አድርጎ የነገረኝ አጎቴ ነው፤ እኔ ራሴ ልጆች ወልጄ፣ እሱም መዘውሩን ትቶ ምርኩዝ ከያዘ በኋላ። አባቴ ታናሽ ወንድም ነበረው፤ አብረው ነበር የሚቆፍሩት። አንድ ቀን ወንድሙ ወርዶ ዝም አለ። ከላይ ያሉት ሥራ ላይ ነው ብለው እነሱም ዝም አሉ። ኋላ ሲጎትቱት ሬሳውን ነበር ያወጡት። ከዚያ ወዲያ አባቴ እግዚአብሔር የሚባል ስም ከአፉ ጠፋ፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅም አልረገጠም። ሌላ ሙያ ግን አያውቅም። ወደ ሥራው ሲመለስ እናቴ እኔን አርግዛ ነበር። ገመዱን ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምይዘው አለችው። አንድ ነገር ግን ግዴታ ነው አለችው፤ ከታች እስካለህ ድረስ ድምፅህን እሰማለሁ። ምን ልበል አላት። ዝፈን አለችው። ዘፈን አላውቅም አላት።

«እንግዲያው ተመስገን በል።»

«ለምኑ?»

«ለምኑም አትበለው። ለእኔ ስትል በል፣ ትንፋሽህን ልስማው። ደግሞ የመጨረሻ ቃልህ ቢሆን እርግማን ይዘህ አምላክ ፊት እንድትቆም አልፈልግም።»

ይኸው ነው። እኔ ጻድቅ ያልኩት ሰውዬ ለሚስቱ ሲል አንዲት ቃል የሚደጋግም ልቡ የተሰበረ ሰው ነበር። ዘበኛ ያልኳት ሴት ደግሞ የሁለት ሰው እምነት በአንድ ገመድ ላይ ይዛ የቆመች ነበረች። ልጅ አየሁ ይላል እንጂ ምን ያያል።

ታዲያ አንድ ዓመት በልብስ አጣቢዋ ግቢ ልንቆፍር ገባን። ባሏ የሞተባት፣ ክንዷ የወንድ ክንድ የሚያህል፣ አፏ ከመጥረቢያ የተሳለ ሴት ናት። እኛ ልጆቹ «እትዬ ሳሙና» እንላታለን፤ ትልልቆቹ «ሳሙና» ይሏታል። ግቢዋ ከዳር እስከ ዳር አንሶላ የተሰጣበት ነው፤ የሆስፒታል አንሶላ፣ የሆቴል አንሶላ። ነፋስ ሲነሳ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነፋል፤ መርከብ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። በትልልቅ በርሜል ውኃ ይፈላል፤ እንፋሎቱና የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። የቧንቧው ውኃ መጥፋት ከጀመረ ቆይቷል። ውኃ ካልተገኘ ሴቶቹን ልትበትን፣ በሯን ልትዘጋ ነው።

ውኃው ግን የለም። አባቴ ቀይ አፈሩን ጨርሶ ነጩ ላይ ደረሰ፣ ነጩን ጨርሶ ድንጋይ ላይ ደረሰ። በመሮና በመዶሻ እየፈለጠ ይወርዳል፤ የሚወጣው ደረቅ ድንጋይ ብቻ ነው። እትዬ ሳሙና እጇን በሽርጧ እየጠራረገች መጥታ ቁልቁል ታይና ትሄዳለች። አንድ ቀን ግን አላስቻላትም።

«እኔ የምለው፣ ባልሽ ከታች ሆኖ የሚያመሰግነው ምን አግኝቶ ነው? አቧራ?»

እናቴ ዓይኗን ከጉድጓዱ አላነሳችም። «አቧራም ቢሆን እያሳለው ነው። የሚስል ሰው በሕይወት አለ። አንቺም አፍንጫሽን ያዢና አንሶላሽን እጠቢ።»

አጎቴ ሳቁ አመለጠውና ባልዲው ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ሳሙናም እያጉረመረመች ሄደች፤ ቆይታ ግን ለሁላችንም ዳቦ ላከች። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

አደጋው የመጣው ማንም ካልጠረጠረው በኩል ነው። የግቢው እጣቢ ለዓመታት የሚደፋው በአንድ ወገን ነበር። ውኃው ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ሰርጎ የጉድጓዱን አንዱን ጎን ከውስጥ አልስልሶታል። አባቴ ግድግዳውን በጣውላ ደግፎታል፤ አፈሩ ግን ከጣውላው ጀርባ እንደ ገንፎ ሆኖ ኖሯል። አንድ ረፋድ ላይ፣ እኔ የሳሙና ሣጥን ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን ስገምጥ፣ ሆዷን የታመመች ላም የምታሰማው ዓይነት ድምፅ ከመሬት ወጣ። ከዚያ አቧራ ተነሣ። ከዚያ ዝም።

እኔ አልደነገጥኩም። እውነቱን ልናገር፣ ዳቦዬንም አላቆምኩም። እግዚአብሔር እንግዳ ገብቶለት በሩን ዘጋ፣ ይኸው ነው የገባኝ። አባዬ ዛሬ ሳይቆይ አይቀርም ብዬ አሰብኩ።

ሴቶቹ በርሜሉን ትተው እየጮኹ ሮጡ። አጎቴ አካፋ ይዞ ወደ አፋፉ ሲዘል እናቴ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። ዳሩን ከረገጣችሁ የቀረውንም ትደፉበታላችሁ አለች። ሳንቃ አምጡ፣ ሳንቃውን ዘርጉ፣ በሆዳችሁ ተኝታችሁ በእጃችሁ በባልዲ አውጡ። ድምፅዋ ከወትሮው ከፍ አላለም። ራሷም ሳንቃው ላይ በሆዷ ተኛች። ገመዱ በእጇ ነው። ወደ ታች ሄዶ በተሰባበረው ጣውላ መሃል አልፎ አፈር ውስጥ ይጠፋል።

«አንተ ሰው፣ አመስግን።»

ምንም የለም።

«አመስግን።»

ምንም። ያኔ እናቴ አንድ ነገር አደረገች፤ ከዚያ በፊት ሰምቼባት የማላውቀውን። ራሷ ጀመረች። «ተመስገን» አለች ወደ ጉድጓዱ። «ስለ ትንፋሹ ተመስገን። ከላዩ ስለተጋደመው ጣውላ ተመስገን። ስለ ወንድሜ ክንድ ተመስገን።» አጎቴ ባልዲ እየሞላ ይሰጣል፣ ሴቶቹ ይቀባበላሉ፣ ሳሙና በእነዚያ ክንዶቿ ትደፋለች። እናቴ ትቀጥላለች። ረጅም ሰዓት። ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። አእምሮዋ ተነካ የሚል ሹክሹክታ ሰምቻለሁ። በመጨረሻ አጎቴ አፈር በተቀባ ፊቱ ላይ እንባው መንገድ እያበጀ «እታለም፣ ይብቃሽ። ሰውየው አልፏል» አላት።

«አልፎ ከሆነ በኋላ አለቅሳለሁ፤ ለለቅሶ ጊዜ አላጣም። አንተ አፈርህን አውጣ።»

ቀጠለችም። ከዚያ ድንገት ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን አላቋረጠችም። ገመዱ እጇ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ከሣጥኔ ላይ ሆኜ አየሁት፤ አንዴ ሳብ፣ ቆይቶ አንዴ ሳብ። አፉን አፈር ሞልቶት መናገር ያልቻለ ሰው፣ እሷ «ተመስገን» ባለች ቁጥር ገመዱን ይስባል።

ለብዙ ዓመት ነገሩን ስተርክ፣ እናቴ ያን ሁሉ ሰዓት ያመሰገነችው ገመዱ ሲሳብ ስለተሰማት ነው እል ነበር። በሕይወት መኖሩን ታውቅ ነበር፣ ሌላው ሰው ነው ያላወቀው እል ነበር። አንድ ጊዜ ይህንኑ እሷ ባለችበት ተረኩት። አርጅታ ነበር፤ ሽንኩርት እየላጠች። ቢላውን አስቀመጠችና አየችኝ። «ማን ነገረሽ? ገመዱ የተሳበው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የያዝኩት ሙት ገመድ ነበር» አለች። ቢላውን አንስታ ሽንኩርቷን ቀጠለች።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ ሴት ነኝ። ጥቅስ በምዕራፍ ቆጥሬ አላስረዳም፤ ሰባኪዎቹ ያስረዱ፣ ደሞዛቸው ነው። እምነት ምን እንደሚመስል ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በሆዷ ሳንቃ ላይ ተኝታ ሙት ገመድ ይዛ የምታመሰግን ሴት ይመስላል።

አባቴ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ወጣ። እግሩ ተሰብሯል፣ ደረቱ ተላልጧል፤ ግን ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነ። እግሩ በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ስናወራው ዝም፣ ስንስቅ ዝም። ከእግዚአብሔር ጋር ተጣሉ ብዬ አዘንኩ፤ እንግድነቱን አብዝቶ በር ላይ እግሩን ሰበረበት ብዬ። በዚህ እንኳ ብዙም አልተሳሳትኩም። አንድ ከሰዓት እናቴን ሲላት ሰማሁት፤ ከእንግዲህ አልወርድም፣ ያቺም ቃል አልቃብኛለች፣ ከወንድሜ ወዲህ ላንቺ ስል ነው ያልኳት፣ አሁን ላንቺም ስል አልልም አላት። እናቴ አልጮኸችም፣ አልሰበከችም። «አትውረድ» አለችው ብቻ።

በነጋታው የሱን የሥራ ሱሪ በልኳ አጠበበች።

ሳሙና ራሷ ለመነቻት፤ ተዪው፣ እንድፈነው፣ እኔ በሬን ዘግቼ ሌላ እንጀራ እፈልጋለሁ አለቻት። እናቴ ባሌን የበላ ጉድጓድ ውኃ ሳይከፍል አይደፈንም አለች። አጎቴ ግድግዳውን በአዲስ ጣውላ ደገፈ፤ እጣቢው በሌላ በኩል እንዲፈስ ቦይ ተቆፈረ። አባቴን ደግሞ በጋሪ አመጡት፤ የምታምነው ገመድ ያዥ ሌላ ሰው የለም። የኔ ሣጥን ላይ አስቀመጡት፤ በጀሶ የታሰረ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ፣ ገመዱን በሁለት እጁ። እሷ ወረደች። እናቴ ቀጭን ድምፅ እንዳላት ያወቅሁት ያኔ ነው፤ መዶሻውን ታሳርፍና «ተመስገን» ትላለች፤ ድንጋዩ ሲፈለጥ «ተመስገን»። አባቴ ከንፈሩ ሳይነቃነቅ ጆሮውን ብቻ ይሰጣል። ቃሏ ትንሽ ስትዘገይ ፊቱ አመድ ይመስላል። ገመድ ከላይ መያዝ ለእናቴ ምን እንደነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ እያየ ነበር።

እንዲህ እያለን ስንሠነብት አንድ ቀን መዶሻው ቆመ። ድምፁም ቆመ። አባቴ ገመዱን ነቀነቀ።

«አንቺ፣ ተናገሪ።»

«አለሁ» አለች ከታች። «ምንም አልሆንኩም።»

«ታዲያ ቃሉ የታል?»

«እኔ ደከመኝ። ተራው ያንተ ነው።»

አጎቴ መዘውሩን ለቀቀ። ሴቶቹ ዘወር አሉ። ሳሙና እርጥብ አንሶላ እንደያዘች ቆመች።

«ምን ተገኝቶ?» አለ አባቴ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ይመስላል።

«ምንም። እንዲሁ በል። ላንተ ስትል እንጂ ለእኔ አትበል። ካላልክ እኔም እዚሁ ቁጭ ነው፤ ሳሙና እራቴን በባልዲ ትላክልኝ።»

ማንም አልሳቀም። አባቴ ገመዱን አየ፣ የተሰበረ እግሩን አየ፣ ከዚያ ያንን ጉድጓድ ረጅም ጊዜ አየ። ስለ ወንድሙ እያሰበ እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ቃሉ የጠፋው መስሎኝ እኔ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ በደረቅ መሬት ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ ማንም ገመድ ሳይነቀንቅበት፣ «ተመስገን» አለ። ደገመው። ሦስተኛውን ሲል ድምፁ ሞላ።

ከታች የእናቴ ድምፅ እንደ ወትሮው ደረቅ ሆኖ ወጣ።

«መልካም። እንግዲህ ባልዲውን ስደዱ፤ እግሬ በረደኝ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውኃ ውስጥ ነኝ።»

ሳሙና አንሶላዋን ጭቃ ላይ ጥላ ተቀመጠች፣ አለቀሰችም። አጎቴ መዘውሩን በየትኛው ወገን እንደሚያዞር ጠፋበት። አባቴ ግን ገመዱን አልለቀቀም፤ እየሳቀ፣ እያነባ፣ ቃሏን እየደጋገመ ያዘው።

ውኃውን ምስጋናው ያፈለቀው መስሎኝ አደግሁ፤ አባዬ ባለ ጊዜ መሬት የተከፈተ። ካገባሁ በኋላ ይህንኑ ለእናቴ ብነግራት ሳቀች፤ ስትስቅ ብዙም አላየኋትም። ውኃው የፈለቀው ቃሉን ሳትጠይቀው በፊት ነበር። ድንጋዩ ተሰንጥቆ ሲንዠቀዠቅ መዶሻዋን አስቀመጠች፣ እግሯ እየደነዘዘ ዝም ብላ ቆመች፣ እሱ እስኪል ድረስ።

«ለምን ደበቅሽው?» አልኳት።

«ውኃውን ካየማ» አለች፣ «ሳሙናም ታመሰግናለች።»